ስም ያልተጻፈላቸው ጣቶች

አሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ አዳማ ላይ አረፈ። ከድሬዳዋ ተነሥቶ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በሶማልኛና በዓረብኛ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያዜም የኖረ ሰው ነበርና ሐዘኑ በትውልድ ከተማው አልተወሰነም። በባሌ ደጋም፣ ከዲንሾ እስከ ጎባ፣ በእሱ ዘፈን የተሞሸረ፣ በእሱ ዘፈን ፍቅሩን የገለጸ፣ ካሴቱን ከታላቅ ወንድሙ የወረሰ ሰው ብዙ ነው።

የአሊ ነገር በተነሣ ቁጥር ጨዋታው ከድምፁ ይጀምርና ወደ መሣሪያው ይሄዳል። አንዱ ኡዱን ያስቀድማል፣ ሌላው ጊታሩን። ሦስተኛው ሁለቱንም ትቶ ከጀርባ ስላሉት ይጠይቃል፤ በዚያኛው ካሴት መግቢያው ላይ ሊድ ጊታሩን የመታው ማን ነበር? ቤዙንስ? ጨዋታው የሚቋረጠው እዚህ ላይ ነው። ዘፋኙን የማያውቅ የለም። ካሴቱ የወጣበትን ዘመን ከንጉሡ ወይም ከደርግ ጋር አያይዞ የሚናገርም አይጠፋም። የጊታሪስቱን ስም የሚመልስ ሰው ግን ማግኘት ከባድ ነው።

በዚህች አገር ሙዚቃን በፍቅር ሰምተን ተጫዋቹን ረስተናል። በደጋው ባሌ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው፤ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ የመጡት ጊታሪስቶች ስማቸው ሳይታወቅ ተሰሙ፣ የራሱ የደጋው አዚያሚዎች ደግሞ ጭራሽ ሳይቀዱ አለፉ። ይህን ሁሉ ይዞ የቆየው የአድማጩ ትዝታ ብቻ ነው። ትዝታ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ሮቤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ጎባ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ተራራው ጠጋ ብላ በ2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ባሌ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ስትሆን መቀመጫዋ ጎባ ነበረች። ዛሬ የዞኑ ዋና ከተማ ሮቤ ናት፤ ገበሬው ስንዴና ገብሱን የሚሸጥባት፣ አውቶቡሱ የሚቆምባት፣ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የተተከለባት ከተማ። ከጎባ በላይ ሰንሰለቱ ወደ ሳኔቲ አምባ ይወጣና ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ይደርሳል። በዚህ ብርድ አገር ማታ ከቤት የሚወጣ ጥቂት ነው። ሙዚቃ በዳንስ ቤት ሳይሆን በቤት ውስጥ፣ በምድጃ ዙሪያ፣ በቡሉኮ ተጠቅልሎ የሚሰማ ነገር ሆኖ የኖረው ለዚህም ጭምር ይመስለኛል። የደጋው አድማጭ ዘፈኑን እየጨፈረበት ሳይሆን እያጤነው ነው የሰማው። ስለ ጊታር ምት ረጅም ክርክር የሚወደውም ከዚያ ይሆናል።

መጀመሪያ የመጣው ሬዲዮ ነው። በ1950ዎቹ የሞቃዲሾ ሬዲዮ በኦሮምኛ ማሰራጨት ሲጀምር በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ የአገራችን ክፍል ብዙ ጆሮ አገኘ። ጊዜው ቀላል አልነበረም። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ባሌ በዋቆ ጉቱ መሪነት በተነሣው የገበሬዎች አመፅ ውስጥ ነበረች። በእንዲህ ዓይነት ዓመታት ባንድ ተቋቁሞ መሣሪያ ተገዝቶ ሸክላ ሊቀረጽ አይታሰብም። ድሬዳዋ የባቡር ከተማ ስለሆነች ጊታሩም፣ ኡዱም፣ አኮርዲዮኑም በቀላሉ ይገባላታል። ደጋው ባሌ ግን መንገዱ ሩቅ፣ ሰላሙም የደፈረሰ ነበር። ስለዚህ የባሌ ሰው የራሱን ቋንቋ በጊታር ታጅቦ የሰማው ከሌላ ከተማ ልጆች ነው።

እነዚያ ልጆች አፍራን ቀሎዎች ናቸው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ድሬዳዋ ላይ የተቋቋመው ቡድን ስሙን ያገኘው ከቀሎ አራት ልጆች፣ ከአላ፣ ከኦቦራ፣ ከባቢሌና ከደጋ ነው። በአደባባይ በኦሮምኛ መዝፈን እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት ዘመን በሠርግና በበዓል ላይ በዘመናዊ መሣሪያ ታጅበው ዘፈኑ። ብዙም ሳይቆዩ በመንግሥት ጥርጣሬ ውስጥ ወደቁ። አሊ መሐመድ ገና በአፍላ ዕድሜው ከቡድኑ ተቀላቅሎ ባዜመው የመጀመሪያ ተወዳጅ ዘፈኑ ምክንያት ቢራ የሚል መጠሪያ አተረፈ። ኋላም አዲስ አበባ ገብቶ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ለዓመታት ሠራ።

ስለ አሊ ጊታር ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። እሱ ጊታርን የያዘው ኡድ በለመደ እጅ ነው። ኡድ በአንገቱ ላይ ብረት መከፋፈያ የለውም፤ ጣት እንደልቡ ይንሸራተታል፤ ዜማው በግማሽና በሩብ እየተለሳለሰ ይሄዳል። ጊታር ግን ድምፁን እየለየ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። አሊ የዓረቡንና የሱዳኑን፣ የሐረርንና የኦሮሞውን ዜማ ጊታር ላይ ሲያወጣ ጊታሩ የፈረንጅ መሆኑን ይረሳል። አጃቢነቱም ዘፋኙን ከኋላ ከመግፋት ይልቅ ከዘፋኙ ጋር መነጋገር ነበር፤ ስንኙ ሲያልቅ ጊታሩ ይመልሳል፣ ጊታሩ ሲያርፍ ድምፁ ይገባል። ይህ ጥያቄና መልስ ለባሌ ጆሮ አዲስ አይደለም። በደጋው በዝማሬም ሆነ በሠርግ ጭፈራ አንዱ ያወጣል፣ ብዙው ይቀበላል። የባሌ አድማጭ አሊን ገና በመጀመሪያ ቀን የራሱ ያደረገው በቋንቋው ብቻ ሳይሆን በዚህ አኳኋኑም ነው ብዬ አስባለሁ።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ 28ኛውን ቅጽ በ2013 እ.ኤ.አ. ለአሊ የድሮ ሥራዎች ሰጠው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. የክብር ዶክትሬት አበርክቶለታል። እነዚህ የሚገባው ክብሮች ናቸው። ከእሱ ጋር መድረክ የወጡ፣ ስቱዲዮ የገቡ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲለማመዱ ያደሩ ተጫዋቾች ግን ከክብሩ ላይ አንዳች አልደረሳቸውም። አብዛኞቹ ያለ ሰርተፊኬት፣ ያለ ጡረታ፣ ካሴት ላይ ያለ ስም ያረጁ ናቸው።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሸክላ ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። ለባሌ ደጋ ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ሸክላ ማጫወቻና ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። ካሴት ግን በባትሪ ድንጋይ ቴፕ ይሠራል፣ በኪስ ይገባል፣ በሹፌር እጅ ከሻሸመኔ ይመጣል። አንድ ኦሪጅናል ካሴት ከተገዛ ደግሞ ሙዚቃ ቤት ገብቶ በባዶ ካሴት ማስቀዳት ነው። ቴፑ ክሩን ሲበላው በእስክርቢቶ ማጠንጠን፣ ሲበጠስ በፕላስተር መቀጠል፣ ድምፁ ሲሳብ ባትሪውን ፀሐይ ላይ ማስጣት የዚያ ትውልድ ሙያ ነበር። የተቀዳው ካሴት ሽፋን ላይ ባለቤቱ በእስክርቢቶ የዘፋኙን ስም ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜ እሱንም በስሕተት። ኦሪጅናሉ ላይ ቢኖር የባንዱ ስም ነበር፤ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ያወጣ ካሴት ጥቂት ነው። ሲቀዳ ሲቀዳ የባንዱም ስም ይጠፋል።

አብዛኞቻችን ሳናውቀው የምናውቃቸው ጊታሪስቶች ያሉት በዚህ ዘመን ነው። ሰላም ሥዩም ወልደማርያም በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ ሊድ ጊታር ተጫውቷል። ጆቫኒ ሪኮ አብሮት ቤዙን ይዟል። አይቤክስ በ1975 እ.ኤ.አ. ከማህሙድ አሕመድ ጋር የሠራው ኤረ መላ መላ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ አውሮፓ ላይ ዳግም ሲታተም ፈረንጆች ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ እንደገና እንዲያስቡ አድርጓል። ሮሃ በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊ ተከቦ፣ የዚያን ጊዜ የአገሪቱን ታላላቅ ድምፃውያን እያጀበ በመቶ የሚቆጠሩ ካሴቶች ሠርቷል። የዋልያስ ባንድ ጊታሪስት ማህሙድ አማን ነበር። ጎባ ላይ ያደገ የሃምሳ ዓመት ሰው የእነዚህን ሰዎች ጣት በልጅነቱ ከሺህ ጊዜ በላይ ሰምቷል። መግቢያቸውን በአፉ ያዜምልሃል። ስማቸውን ስትነግረው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ሊሆን ይችላል።

እነዚህ ጊታሪስቶች ምን አደረጉ ብሎ ለሚጠይቅ፣ ክራሩን ወደ ኤሌክትሪክ አዞሩ ማለት ይቻላል። የእኛ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። የፈረንጅ ጊታሪስት የሚመካበት ባለ ሦስትና ባለ አራት ድምፅ ኮርድ በእነዚህ ቅኝቶች ላይ ሲደረብ ዜማውን ያደፈርሰዋል። ስለዚህ የእኛ ሰዎች ኮርዱን ቀንሰው በነጠላ ድምፅ እየለቀሙ መጫወት መረጡ። ክሩን በአጭሩ ያፍኑታል፣ አንዱን ድምፅ ሁለትና ሦስት ጊዜ ደጋግመው ይመቱታል፣ የመሰንቆውን መንቀጥቀጥ በጣታቸው ይፈጥሩታል። ይህን ያስተማራቸው ትምህርት ቤት አልነበረም። ራሳቸው ፈልገው ያገኙት መንገድ ነው። እንዲህ ያለ ፈጠራ በሌላ አገር መጽሐፍ ይጻፍበታል።

ከአዲስ አበባ ወደ ሮቤ የሚወስደው አንዱ መንገድ ሻሸመኔ ላይ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል፤ ዶዶላን፣ አዳባንና ዲንሾን አልፎ ይገባል። ሻሸመኔ የራስ ተፈሪያን ሰፈር ያለባት ከተማ ናት። ቦብ ማርሌይ በ1978 እ.ኤ.አ. መጥቶ አይቷታል። የባሌ ወጣት ሩትስ ሬጌን ከካሴት ብቻ አልተማረም፤ ወደ ትምህርት ወይም ወደ ሥራ ሲሄድ በመንገዱ ላይ ያገኘዋል። በሬጌ ጊታር ዜማ አያወጣም፤ በምቱ ክፍተት ውስጥ አጭር ድምፅ እየጣለ ዘፈኑን ያቆመዋል። ኋላ ላይ የመጡት የኦሮምኛ ዘፈኖች ብዙዎቹ ይህን ምት እንደ ቤታቸው ሲይዙት የሰማ ሰው የሻሸመኔን መንገድ ማስታወሱ አይቀርም።

ወደ ሥሩ ስንወርድ ደግሞ የባሌ ሙዚቃ ከጊታር በፊትም፣ ያለ ጊታርም ምን ያህል ሀብታም እንደሆነ እናያለን። እዚህ ላይ ልቆይ እፈልጋለሁ፤ በጣም የተበደለው ይኸኛው ነውና።

ከሮቤ ወደ ምሥራቅ፣ ከደጋው ወርዶ በጎሎልቻ ቆላ ድሬ ሼኽ ሁሴን አለ። በነጭ ኖራ የተቀባው የሼኽ ሁሴን መቃብር፣ ግቢውና ኩሬው በየዓመቱ ሁለት ጊዜ በምዕመን ይሞላል። በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ጊዜያዊ የቅርስ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ወደዚያ የሚጓዙት ጋሪባዎች ጫፉ ለሁለት የተከፈለ በትር ይዘው፣ በእግራቸው ቀናትንና ሳምንታትን አቋርጠው፣ በየመንደሩ እያደሩ ይዘልቃሉ። በመንገዱ ሁሉ የሚያወርዱት ዝማሬ ባህሮ ይባላል። አንዱ ስንኙን ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ እጅ ይጨበጨባል። ስንኙ የሼኹን ተአምር ያወሳል፣ ምልጃ ይጠይቃል፣ መካርም ነው፤ በምሳሌና በሰምና ወርቅ የተሞላ በመሆኑ ከውጭ የመጣ አድማጭ ቃሉን ሁሉ ቢረዳም ትርጉሙ ያመልጠዋል። የለንደኑ የቋንቋ ምሁር ቦጉሚል አንድርዜየቭስኪ በ1972 እ.ኤ.አ. ስለ እነዚህ ውዳሴዎች የተሰወረ አነጋገር ጥናት አሳትሟል። ሥራው በቃሉ ላይ ነው። ዜማው የራሱን አጥኚ ይፈልጋል።

ከ1960ዎቹ ወዲህ በባሌ እየሰፋ የመጣው የሰለፊ አስተምህሮ የመቃብር ጉብኝቱንና ውዳሴውን ይነቅፋል። ይህን ክርክር ባሌ ውስጥ የኖረው ኖርዌያዊ ተመራማሪ ቴርዬ ኦስተቦ በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፉ በዝርዝር ጽፎታል። በእምነቱ ጉዳይ ላይ ፍርድ መስጠት የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ሰው የሚያምንበትን መተውም መያዝም መብቱ ነው። ነገር ግን የትናንቱን መተው የሚፈልግም ሆነ የሚይዝ ልጅ አያቱ ምን እንዳዜመ ማወቅ ይገባዋል። ዝማሬውን የሚችሉት ሽማግሌዎች ሲያልፉና ወጣቱ ሳይቀበላቸው ሲቀር፣ ያልተቀዳ ዜማ በክርክሩ በማንም ወገን ሳይሆን በመረሳት ይሸነፋል።

ሴቶቹ ሌላ ዓለም አላቸው። የባሌ ደጋ ሕዝብ አብዛኛው አርሲ ኦሮሞ ነው፣ በአርሲ ኦሮሞም ያገባች ሴት ሲንቄ የተባለውን በትር ትይዛለች። አንዷ ተደብድባ ወይም ተዋርዳ እንደሆነ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው፣ አቴቴ እያዜሙ ወደ በደለኛው ደጅ ይሄዳሉ። ዜማው አቤቱታም፣ ክስም፣ ምርቃትም ነው። እርቅ እስኪወርድ፣ ካሣው እስኪከፈል አይበተኑም። የሙዚቃ ተመራማሪዋ ሌይላ ቃሹ ይህን የአርሲ ሴቶች በዜማ የሚያካሂዱትን ዳኝነት ለዶክትሬት ዲግሪዋ አጥንታዋለች። ሙዚቃ ሕግ ሆኖ የሚሠራበት እንዲህ ያለ ቦታ በዓለም ላይ ብዙ የለም። ሆኖም ስለ ሙዚቃ አፍቃሪነት ስናወራ የእነዚህን ሴቶች ስም ከጊታሪስት ጎን አንጠራም። የድምፃቸው ጉልበት ግን የትኛውንም ማጉያ አይለምንም። በየመንደሩ ቁጣውን ወደ ዜማ አዙራ መንደርተኛውን ከኋላዋ የምታስከትል አውጪ አለች፤ ሰፈሩ በስሟ ያውቃታል፣ አገር ግን አያውቃትም።

መሰንቆውን፣ የፈረስ ላይ ፉከራውን፣ የሠርጉን ጭፈራና ሴቶቹ አንገታቸውንና ፀጉራቸውን የሚያሽከረክሩበትን የአርሲ ምት ሁሉ ለመዘርዘር ቦታ አይበቃኝም። ስለ መሰንቆ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ክሩ ከፈረስ ጭራ የተሠራው ባለ አንድ ክር መሣሪያ የአዝማሪ ብቻ እንደሆነ አድርጎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። ለገሰ አብዲ በኦሮምኛ መሰንቆውን ሲያናግረው የሰማ ግን ያን ሐሳብ ይተወዋል። የክር ነገር በብሔርና በሃይማኖት አጥር አልታጠረም።

በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች በየቀበሌው፣ በየአውራጃውና በየክፍለ ሀገሩ ተቋቋሙ። ጎባም የክፍለ ሀገር መቀመጫ እንደመሆኗ ከዚህ ማዕበል ውጭ አልነበረችም። ዓላማው ፖለቲካ ነበር፤ ያን ለመሸፈን ማንም አልሞከረም። ቢሆንም የገጠር ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦክስ ጊታር የጨበጠው፣ አምፕሊፋየር ያየው፣ የአገሩን ጭፈራ በመድረክ ላይ ያቀናበረው በኪነት ነው። ክፉውን ፖለቲካ ከነክፋቱ እንጥላለን፤ በዚያ ውስጥ ያለፉትን ተጫዋቾች ግን ከፖለቲካው ጋር መጣል ፍትሕ አይደለም። ዛሬ ስልሳ የዘለሉ ናቸው። ከእነሱ ጋር ቁጭ ብሎ ማን ምን እንደተጫወተ መጠየቅ ገና ይቻላል። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን የሚጠየቅ አይኖርም።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ኪቦርድ መጣ። አንድ አቀናባሪ ብቻውን ከበሮውን፣ ቤዙን፣ መለከቱንና ክራሩን ጭምር ከአንድ ሳጥን ያወጣ ጀመር። ወጪው ቀነሰ፣ ካሴቱ በዛ፣ በኦሮምኛ የሚወጣው ሥራም ከሥርዓት ለውጡ በኋላ ጎርፍ ሆነ። ይህን በጎ ነገር አልክድም። ነገር ግን ባንድ ተበተነ፣ ጊታሪስቱ ሥራ ፈታ። እንደ ግሩም መዝሙር ያሉ ሰዎች በአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የድሮውን የጊታርና የአኮርዲዮን ድምፅ መልሰው ባያነሡት ኖሮ ብዙው ወጣት ያ ድምፅ እንደነበረም አያውቅም ነበር። ባሌም እንዲህ ዓይነት ሰው ያስፈልጋታል።

ከአፍሪካ አንድ ምሳሌ አለ። ማሊያዊው አሊ ፋርካ ቱሬ ከኒጀር ወንዝ ዳር፣ ከኒያፉንኬ የተነሣ ገበሬ ነበር። የአገሩን አንድ ክር ያላትን መሣሪያ ዜማ ወደ ጊታር አዙሮ ከአሜሪካዊው ራይ ኩደር ጋር በ1994 እ.ኤ.አ. የሠራው አልበም ግራሚ አስገኘለት። ከዝና በኋላ ግን ከተማ አልገባም፤ ወደ እርሻው ተመለሰ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣውንም አልበም የመቅጃ መሣሪያው ወደ መንደሩ ተወስዶለት እዚያው ሠራው። ኋላም የአካባቢው ከንቲባ ሆኖ አገልግሎ በ2006 እ.ኤ.አ. አረፈ። ባሌ ከዚህ የምትማረው ነገር አለ ብዬ አምናለሁ፤ ተጫዋቹን ወደ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ከማጓጓዝ ይልቅ መቅጃውን ወደ ዲንሾ፣ ወደ ሪራ፣ ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን መውሰድ ይቻላል። ዛሬ ጥሩ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ በትከሻ ቦርሳ ይገባል።

ሕጉም ቢሆን አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ብቻ ሳይሆን ለከዋኙም ጭምር መብት ሰጥቷል፤ የከዋኙም መብት ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ደግሞ ባለመብቶች ተደራጅተው ክፍያ የሚሰበስቡበትን መንገድ ከፍቷል። ግን ስሙ ያልተመዘገበ ጊታሪስት በምን ማስረጃ ይጠይቃል? ለገንዘቡም፣ ለክብሩም መነሻው ያው የስም ዝርዝር ነው። የድሮ ካሴቶች በኢንተርኔት እንደ አዲስ እየተጫኑ ሌሎች ሲያተርፉባቸው የተጫወቱት ሰዎች ስም ከሥሩ አይጻፍም። ካልተጻፈ ደግሞ ከሃምሳው ዓመት የቀረው ጊዜ ዝም ብሎ ያልቃል፤ ለብዙዎቹም አልቋል።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስቆጨኛል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ደስ ብሎኛል፤ የሚገባው ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ብቻ ሲሆኑ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ናቸው። ተመራማሪዎች የእያንዳንዱን ቀበሮ ቤተሰብ ለይተው ያውቃሉ፣ ክትባት ይሰጣሉ፣ ስንት ግልገል እንደተወለደ ይጽፋሉ። ይህን ሥራ አደንቃለሁ። እዚያው ተራራ ግርጌ ስንት ባህሮ አውጪ ቀረ፣ የትኛዋ ሴት የትኛውን አቴቴ ታውቃለች፣ ጎባ ውስጥ በኪነት ዘመን ጊታር የመቱት እነማን ናቸው ብሎ መዝገብ የያዘ ግን አላየሁም። ለቀበሮው የተደረገው ትጋት ሩቡ ለአዚያሚው ቢደረግ አብዛኛው ይድን ነበር።

መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ላይ ነው፤ ጎባም ላይ ግቢ አለው። ተማሪዎቹ ከደጋውም ከቆላውም የመጡ ናቸው፣ ብዙዎቹም አያታቸው የሚያዜም ነው። ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ አንድ አዚያሚ ቀድቶ፣ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ዜማውን ከማን እንደተማረ መዝግቦ ማስረከብ የሚያስፈልገው ፈቃደኛ መምህር ብቻ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ የሚሰበሰበው ድምፅ ዛሬ በየቤተ መጻሕፍቱ ካለው ሁሉ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የኦሮሚያ የባህል መሥሪያ ቤትም በየዓመቱ ለፌስቲቫል ከሚያወጣው ላይ ትንሹን ለዚህ ቢያውል የሚጎድልበት ነገር የለም።

የሙዚቃ አፍቃሪው ሥራ ግን የማንንም በጀት አይጠብቅም። በሮቤ፣ በጎባ፣ በአዳባ ወይም በውጭ አገር ያላችሁ፣ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁት የድሮ ካሴት ካለ አውጡት። ከመበላሸቱ በፊት በስልክም ቢሆን ቅዱት። ጊታሩን፣ ቤዙን፣ ከበሮውን ማን እንደተጫወተ የምታውቁ ከሆነ ስሙን ጻፉበት፤ የማታውቁ ከሆነ ከሚያውቀው ሽማግሌ በዚህ ሳምንት ጠይቁ። እናታችሁ አቴቴ የምታውቅ፣ አባታችሁም ባህሮ የሚያወርዱ ከሆነ ቁጭ ብላችሁ አስቀዱአቸው፤ ከዜማው በፊት ሙሉ ስማቸውን በራሳቸው ድምፅ ያስመዝግቡ።